ሰዓቱን ጻፊው፦ በቀዶ ጥገና ስትወልጂ ቁስልሽ እንዳያመረቅዝ

ሰኞ ጠዋት የቁስል ማጠቢያ ክፍላችን ወረፋ ይረዝማል። እሑድ ቤቱ በጠያቂ ስለሚሞላ አራሷን ይዞ የሚወጣ የለም፤ ሁሉም ለሰኞ ያሳድረዋል። በአንዱ ሰኞ የገባች ወጣት ከዓይኔ አትጠፋም። በቀዶ ጥገና ከወለደች 8ኛ ቀኗ ነበር። በአንድ በኩል ባሏ፣ በሌላው በኩል አማቷ ደግፈዋታል። ሆዷ በነጠላ ሦስት ዙር ተጠፍሯል። ነጠላውን ፈትቼ ሳልጨርስ ሽታው ደረሰኝ። ስፌቱ ከቀኝ ጫፉ ሁለት ጣት ያህል አፉን ከፍቷል፤ ዳርና ዳሩ ቀልቶ ጠጥሯል፤ መግል ይወርዳል።

«ሽቶ የተቀባች ሴት ገብታ ነው» አሉኝ አማቷ ሳልጠይቃቸው። «ሽታ መትቷት ነው እንጂ ደህና ነበረች።»

እኔ የጠየቅሁት ሌላ ነበር። «የእንሽርት ውሃዋ በስንት ሰዓት ፈሰሰ? ቀዶ ጥገና ክፍልስ በስንት ሰዓት ገባች?» ባሏ እናቱን አየ፤ እናቱ ምራታቸውን አዩ፤ እሷ ጣሪያውን አየች።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ወሎ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል መጀመሪያ ማዋለጃ ክፍል፣ ኋላም ቁስል በማጠብ 16 ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን ጥያቄ ያልጠየቅኋት ቁስለኛ አራስ የለችም፤ በትክክል የሚመልስልኝ ቤተሰብ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። መግሉ የሚታየው ቤት ከተገባ በኋላ ስለሆነ ሰው ሁሉ ጥፋቱን የሚፈልገው ቤት ውስጥ ነው፤ በጠያቂው፣ በብርዱ፣ በምግቡ ያሳብባል። ነገሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ስለት ሆድሽን ከመንካቱ በፊት በነበሩት ሰዓታት ነው። ሰዓት ደግሞ ይቆጠራል፣ ይጻፋል። ስለዚህ ገና ስምንተኛ ወርሽ ሳለ ከልጆች ደብተር አንድ ቅጠል ቅደጂና ከክትትል ካርድሽ ጋር አስቀምጪው። ከዚህ በታች የምነግርሽ ከሞላ ጎደል እዚያ ቅጠል ላይ ምን እንደሚጻፍ፣ ለማንስ እንደሚነበብ ነው።

ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። የእንሽርት ውሃዬ የፈሰሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ምጥ የለም። አዋላጅ አይደለሁ? «በሌሊት ማንን ላስቸግር» ብዬ ፎጣ አንጥፌ ተኛሁ። ጠዋት ተነስቼ የሕፃኑን ልብስ ተኮስኩ፤ ቤቱን አስተካከልኩ። ሆስፒታል የደረስኩት ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ በዚህ መካከል 14 ሰዓት አልፏል። ምጥ ማምጫ መድኃኒት ተሰቀለልኝ፤ ምጡ ግን አልገፋ አለ። ባልደረቦቼ አንድ በአንድ እየመጡ «እስቲ ትንሽ ልይሽ» ይላሉ፤ ጓንት ያጠልቃሉ። ምጥ ላይ ሳለሁ 7 ጊዜ በእጅ ተመረመርኩ፤ ከሰባቱ ሦስቱ ስለ ፍቅር ብቻ የተደረጉ ናቸው። ቀዶ ጥገና ክፍል የገባሁት ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ውሃው ከፈሰሰ በ20ኛው ሰዓት ነበር።

በ6ኛው ቀን ብርድ ብርድ አለኝ። «ወተቱ ነው» አልኩ። ወተት የሚወርድበት ቀን ማለፉን የረሳሁት አውቄ ነው። በ8ኛው ቀን እናቴ አጥሚት ይዛ ስትገባ በሩ ላይ ቆመችና «ይህ ቤት ምን ይሸታል?» አለች። 19 ቀን ቁስል አሳጠብኩ። በማንም አላሳብብም፤ ሰዓቱን የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ከምጥ በፊት የሚጻፉት

በእርግዝና ክትትል ጊዜ የደም ማነስ ምርመራ ይደረግልሻል። «ደህና ነው» ተብለሽ ብቻ አትመለሺ፤ ቁጥሩን ጠይቂ። የነፍሰ ጡር ሄሞግሎቢን በዴሲ ሊትር ከ11 ግራም በታች ከሆነ የደም ማነስ አለ ማለት ነው፤ ከ7 በታች ከሆነ ከባድ ነው። ቁስል የሚድነው ደም በሚያመጣለት ኦክስጅንና ጀርም በሚዋጉት ነጭ የደም ሴሎች ነው። ደሟ ያነሰ ሴት ቀዶ ጥገናው ላይ ደግሞ ሲፈሳት ቁስሏ ስንቁን ያጣል። የተሰጠሽን የብረት ክኒን ዋጪ፤ ከቡና ጋር ግን አትዋጪው። ይህን አጥብቄ የምናገረው አገራችንን ስለማውቀው ነው። ክኒኑን አፏ ላይ ጣል አድርጋ በአቦሉ የምታወራርድ፣ ቶናና በረካ የምትደግምበት ነፍሰ ጡር ስንት ናት! ቡናም ሻይም ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ከቡናው አንድ ሁለት ሰዓት አርቀሽ በብርቱካን ወይም ሎሚ በተጨመቀበት ውሃ ዋጪው። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ፤ የብረቱ ነው።

ቀጥሎ ስኳር። በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የስኳር በሽታ ምልክት ላያሳይ ይችላል፤ ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ መመርመር የሚመከረው ለዚህ ነው። ስኳር ከፍ ባለበት ደም ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች ይሰንፋሉ፤ ባክቴሪያው ደግሞ ይመቸዋል። ስኳር ካለብሽ ከወለድሽ በኋላም መለካቱ አይቋረጥ።

ውፍረትን ማንሳት በእኛ ዘንድ ነውር ሊመስል ይችላል። ነፍሰ ጡር ስትወፍር «አማረብሽ» ይባላል። ለቁስል ግን አያምርም። ስብ ደም በብዛት የማይደርሰው ክፍል ነው፤ ጀርም ሲገባበት መከላከያው ዘግይቶ ይደርሳል። እጥፋቱም ሥር ላብ ይከማቻል። ከቆዳ በታች ያለው ስብ ውፍረቱ ከ2 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ ሐኪሞች ስቡን ለብቻው ከሰፉ በኋላ ቆዳውን ከላይ ይዘጋሉ፤ በመሃል ፈሳሽ የሚቋጥር ክፍተት እንዳይቀር ነው። ወፍራም ከሆንሽ ይህን ከአሁኑ እወቂው፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ እጥፋቱን ማድረቅ የዕለት ሥራሽ ይሆናል።

ኤችአይቪ በደምሽ ካለ መድኃኒትሽን አታቋርጪ። ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም የስቴሮይድ ክኒን የምትወስጂ ከሆነ ጻፊው። ከዚህ በፊት በቀዶ ጥገና ወልደሽ ከነበረ፣ ያኔ ቁስሉ አመርቅዞ ከነበረ ደግሞ አስምሪበት። ሲጋራ በእኛ አካባቢ ሴቶች ዘንድ እምብዛም ስለሌለ አልፈዋለሁ፤ የምታጨስ ካለች ግን ማቆሙ ለቁስሏ ይበጃታል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ባየሁት ቁጥር የሚያናድደኝ። ቀዶ ጥገናዋ በቀጠሮ የሆነላት ሴት ዋዜማውን በምላጭ ተላጭታ ትመጣለች። እህት ወይም ጎረቤት ናት የምትላጫት፤ ንጽሕና መስሏት። ምላጭ ዓይን የማያየው ጭረት ይተዋል። ማታ የተጫረ ቆዳ ጠዋት የጀርም ማደሪያ ሆኖ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ጸጉሩ አይላጭ፣ የግድ ከሆነም በመከርከሚያ ይከርከም ነው የሚለው። አንቺ ሰውነትሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ንጹሕ ልብስ ልበሺ፤ በቃ።

ሰዓቶቹ

ቅጠሉ መሃል ላይ በትልቁ የሚጻፈው የእንሽርት ውሃ የፈሰሰበት ሰዓት ነው። ልጁ ያለበት ከረጢት እስካልተቀደደ ድረስ በብልትሽ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ከልጁ ጋር አይገናኙም። እነዚያ ባክቴሪያዎች በጤነኛ ሴት ሁሉ ውስጥ አሉ፤ የቆሻሻ ምልክት አይደሉም። ከረጢቱ ሲቀደድ ግን በሩ ይከፈታል፤ ሰዓት በጨመረ ቁጥር ወደ ላይ ይወጣሉ። ከ18 ሰዓት በላይ ሲሆን ሐኪሞች ለብቻው እንደ ስጋት ይይዙታል። ከዚያ በኋላ ማህፀኑ በቀዶ ጥገና ሲከፈት ባክቴሪያ የሞላበት ውሃ በተቆረጠው ሥጋና ስብ ላይ ይፈስሳል። በ8ኛው ቀን እኔ የማጥበው መግል ብዙ ጊዜ ምንጩ ያ ውሃ ነው።

ስለዚህ ውሃው ከፈሰሰ ምጥ አልመጣም ብለሽ አትቀመጪ። ሌሊትም ቢሆን ተነሺ፤ አምቡላንስ ይጠራ። የውሃውን መልክ ተመልከቺ፤ ንጹሕ ነው? አረንጓዴ ነው? ይሸታል? ይህም ይጻፍ። ወደ ውስጥ ጨርቅም፣ ቅጠልም፣ ቅቤም አይገባም።

ሰዓቱን ስትነግሪ አንድ ጥንቃቄ አድርጊ። እኛ «ሦስት ሰዓት» ስንል ነርሷ ካርዱ ላይ የምትጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። የቤተሰቡ ምሽት 3 ሰዓት ካርዱ ላይ 21 ሆኖ መስፈር ሲገባው 3 ተብሎ ሲጻፍ አይቻለሁ፤ አንድ ብዕር ነካ ሲያደርግ 6 ሰዓት ጠፋ። ቅጠልሽ ላይ «ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር» ብለሽ ጻፊና ወረቀቱን እጇ ላይ አስቀምጪላት።

ሁለተኛው ቁጥር የምርመራው ነው። የማህፀን በር ስንት እንደከፈተ ለማወቅ እጅ ይገባል፤ ያለዚያ ምጥ መከታተል አይቻልም። የጓንቱ ንጽሕና እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የገባ እጅ ሁሉ ታች ያለውን ባክቴሪያ ገፋ አድርጎ ወደ ላይ ይወስዳል። ምጡ ደህና እየሄደ ከሆነ በየ4 ሰዓቱ አንዴ ይበቃል። አስታማሚሽ ቅጠሉ ላይ በእያንዳንዱ ምርመራ አንድ መስመር ታስምር፤ ሰዓቱንም ከጎኑ። ቶሎ ቶሎ ከሆነ ለጠብ ሳይሆን ለማወቅ ጠይቂ፦ «እህቴ፣ ቅድም በ7 ሰዓት ታይቼ ነበር፤ አሁን የምታዪኝ አዲስ ነገር ኖሮ ነው?» አዲስ ነገር ካለ ትነግርሻለች። ተማሪዎች መማር አለባቸው፤ እኔም የተማርኩት በሰው ሆድ ነው። ነገር ግን አንዱ ያየውን ሌላው ከካርዱ ማንበብ ይችላል።

ምጥ ላይ ሳለሽ ትኩሳትሽ 38 ከደረሰ፣ ወይም ውሃው መሽተት ከጀመረ፣ ይህ ማህፀን ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ሕክምናው እዚያው ይጀመራል። «ከምጡ ድካም ነው» ብለሽ አትደብቂ።

ወደ ሦስተኛው ሰዓት እንምጣ፤ ይህኛው ለቤተሰብ ነው። በቀጠሮ ከሚደረግ ቀዶ ጥገና ይልቅ ረጅም ምጥ ከተማጠ በኋላ በድንገት የሚደረገው ለቁስል የበለጠ አስጊ ነው። ውሃው ቆይቷል፣ ምርመራው በዝቷል፣ የልጁ ራስ ወደ ታች ጠልቆ ለማውጣት ያስቸግራል፣ ሥራው ይረዝማል፣ ደም ይበዛል። «ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል፣ ፈርሙ» ከተባለ በኋላ ባል አጎቱን በስልክ ሲያማክር፣ አጎት ንስሐ አባታቸውን ሲፈልጉ የሚያልፈው ሁለት ሰዓት ኋላ ከቁስሉ ላይ ይወራረዳል። ምክክሩን ስምንተኛው ወር ላይ ጨርሱት። «ሐኪም ካለ እንፈርማለን» የሚለው ስምምነት ቅጠሉ ላይ ቢሰፍር ደስ ይለኛል።

ስለቱ ከመንካቱ በፊት

ከሁሉም የሚበልጥ ጥቅም ያላት አንዲት መርፌ ናት። ቆዳ ከመቀደዱ በፊት፣ በ60 ደቂቃ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ የምትሰጥ የአንቲባዮቲክ መርፌ። ለአብዛኞቹ ሴቶች የምትመረጠው ሴፋዞሊን 2 ግራም ናት፤ በሌለበት አምፒሲሊን ወይም ሴፍትሪያክሶን ሲሰጥ ታያለሽ። እኛ ስንማር የምትሰጠው እትብት ከታሰረ በኋላ ነበር፤ መድኃኒቱ ወደ ሕፃኑ እንዳያልፍ ተብሎ። ኋላ በጥናት ሲታይ ቀድሞ መስጠቱ ሕፃኑን ሳይጎዳ የእናቶችን ኢንፌክሽን የሚቀንስ ሆኖ ስለተገኘ ልማዱ ተቀየረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስለቱ ሲገባ መድኃኒቱ ቆዳው ውስጥ ቀድሞ መገኘት አለበት። ከዚህ ቀደም ፔኒሲሊን ተወግተሽ ሰውነትሽ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረሽ ከሆነ በቀይ ብዕር ጻፊው፤ ማደንዘዣ ለሚሰጠው ባለሙያም በአፍሽ ንገሪው።

አሁን ደግሞ ለባል። ወንድሜ፣ በበሩ በኩል ሦስት ወረቀት ይሰጥህና መድኃኒት ቤት ትላካለህ። በሆስፒታሉ የሌለ ነገር ሲኖር እንዲህ ይሆናል። «ከእነዚህ ውስጥ ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚሰጠው መርፌ የቱ ነው?» ብለህ ጠይቅና እሱን ይዘህ ቶሎ ተመለስ። ለኋላው የታዘዘው ማስታገሻ ሰዓት ይጠብቅሃል፤ መርፌው አይጠብቅህም።

ሆድሽ ክሎርሄክሲዲን ባለበት አልኮል ወይም ሌላ ማጽጃ ይቀባል፤ አልኮሉ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ብልትሽም ውስጥ ፖቪዶን አዮዲን በተነከረ ጎዝ ሊጸዳ ይችላል፤ ምጥ ለቆየባት ሴት ይህ በተለይ ይጠቅማል። ስታዪ አትደንግጪ።

ከዚያ ከብልት ጸጉር ትንሽ ከፍ ብሎ አግድም ይቀደዳል። ይህን አቀዳደድ በፈረንጆቹ 1900 ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ሐኪም ሄርማን ፋነንስቲል ነው፤ ስሙ እስከ ዛሬ በካርዶቻችን ላይ ይጻፋል። ሰውየው በፈረንጆቹ 1909፣ ገና በ47 ዓመቱ፣ መግል የያዘ ሕመምተኛ ቀዶ ሲያክም ጣቱን ቆረጠውና ኢንፌክሽኑ ደሙ ውስጥ ገብቶ ሞተ። ያኔ አንቲባዮቲክ አልነበረም። ጓንት ሳጠልቅ አንዳንዴ ትዝ ይለኛል። ከእምብርት ወደ ታች ቁልቁል መቅደድ ግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ እሱ ለመዳን ይዘገያል።

የእንግዴ ልጁ በእጅ ተፈልቅቆ ከሚወጣ ይልቅ እትብቱ በቀስታ እየተሳበ ቢወጣ ማህፀኑ የመቆጣት ዕድሉ ያንሳል። ሥራው ከአንድ ሰዓት በላይ ከፈጀ፣ ደም በብዛት ከፈሰሰሽ ስጋቱ ይጨምራል። ይህ በአንቺ እጅ አይደለም፤ በማግሥቱ ሐኪሙ ሲዞር ግን «ስንት ደቂቃ ፈጀ? ብዙ ደም ፈሶኛል?» ብለሽ ጠይቂና ይጻፍ። ቁስልሽን የሚያዩት ሰዎች ምን ያህል መንቃት እንዳለባቸው የሚያውቁት ከዚህ ነው።

ብዙ ቤተሰብ ከሆስፒታል ሲወጣ «ለቁስሉ» ብሎ የሳምንት አሞክሲሲሊን ወይም ሲፕሮ ከመድኃኒት ቤት ይገዛል። ኢንፌክሽን ሳይኖር የሚዋጥ ክኒን ቁስሉን አይጠብቀውም፤ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ያፈራል። ምጥ ላይ ትኩሳት ለነበራት ሴት ሐኪም የሚያዘው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አትዝለዪ።

ቤት ከገባሽ በኋላ

የቀዶ ጥገና ቁስል ኢንፌክሽን የሚቆጠረው እስከ 30ኛው ቀን ነው። ከሆስፒታል የምትወጪው ግን በ3ኛው ቀን ገደማ ነው፤ ቁስሉ ብዙውን ጊዜ መቆጣት የሚጀምረው ደግሞ ከ4ኛው ቀን በኋላ ነው። ሐኪም የማያየውን ቤተሰብ ያያል ማለት ነው። ቤት ውስጥ ዓይኑ ደህና የሆነ አንድ ሰው ምረጪ፤ እናትሽ፣ እህትሽ ወይም ባልሽ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በቀን ብርሃን፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ ይየው። ስፌቱ ዙሪያ የቀላ ነገር ካየ ድንበሩን ቆዳሽ ላይ በእስክሪብቶ ያስምርበት። በማግሥቱ ቅላቱ መስመሩን ከተሻገረ ክርክር አያስፈልግም፤ ሂጂ።

የመጀመሪያው መሸፈኛ ደሙ ካልበዛና ካልረጠበ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሳይነካ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ውሃ ጠላት አይደለም። በሚወርድ ንጹሕ ውሃና በሳሙና ታጠቢ፤ ስፌቱን ሳታሺ ውሃው በላዩ ይለፍ፤ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን አድርገሽ አድርቂው። የሆድሽ እጥፋት በላዩ ከተኛ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በጀርባሽ ተኝተሽ ይናፈስ፤ እጥፋቱ መሃል ንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ይግባ፤ ጨርቁም በየቀኑ ይለወጥ።

ነጠላው ይፈታ። ሆድ እንዲሰበሰብ ተብሎ የሚጠፈረው መቀነት ላቡን ያፍናል፤ ስፌቱን ይፈትጋል። ቅቤ፣ ማር፣ የቡና ዱቄት፣ አመድ፣ የተወቀጠ ቅጠል ሁሉንም ቁስል ላይ አግኝቻቸዋለሁ። ከማጠቤ በፊት ከመግሉ መለየት አድካሚ ነው። ቅቤው ገንፎው ላይ ይሁን። ጠበልም ቢሆን፣ እኔም እጠመቃለሁ፤ ግን ስፌቱ እስኪገጥም ድረስ ቁስሉ ላይ አታፍስሺው። በወይባ ጢስ መታጠኑም ስድስት ሳምንት ይቆይ።

ብዪ። ሥጋና እንቁላል ቁስል ያመረቅዛል የሚሉ አሉ፤ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቆዳ የሚገጣጠመው ከእነሱ በሚገኘው ነው። ሥጋ ከሌለ ሽሮውና ምስሩ ይብዛ። በተቻለሽ ቶሎ፣ ከቀዶ ጥገናው ማግሥት ሳያልፍ፣ ተደግፈሽ ተነሺና ተራመጂ።

ስለ ጠያቂ ደግሞ። ክርስትናው እስኪነሣ፣ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ሰው አይቋረጥም፤ እስላም ጎረቤትም እንዲሁ አርባው እስኪሞላ ይመላለሳል። ይምጡ፤ ልብስ ገልጠው ስፌት ማየት ግን ጥየቃ አይደለም። ለዚህ ነው ስለ ሽታ የሚባለውን ነገር ብዙ የማልከራከረው። ሽቶ ቁስል አያመረቅዝም። ይሁንና «ሽታ ይመታታል» ብለው ጠያቂውን ከአልጋው የሚያርቁ አማት ሳያውቁት ብዙ እጅ ከቁስሉ ያርቃሉ። የሚጎዳው በኋላ ነው፤ መግሉ ሲመጣ «ሽታ ነው»፣ ትኩሳቱ ሲመጣ «ምች ነው፣ ብርድ ገብቷት ነው» እየተባለ ዳማከሴ ሲጨመቅ ሁለት ሦስት ቀን ያልፋል።

የምትጠብቂው ሕመም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚቀንስ ነው። ከ3ኛው ቀን በኋላ መቀነሱን ትቶ መጨመር ከጀመረ፣ ቁስሉ ከሞቀ፣ ከጠጠረ፣ መግል ወይም ሽታ ካለው፣ ትኩሳትሽ 38 ከደረሰ፣ ከማህፀንሽ የሚወጣው ደም ከሸተተ በዚያው ቀን ሂጂ። እስከ ሰኞ አታሳድሪው። ይህኛው ግን በዚያው ሰዓት ነው፦ የሚያንቀጠቅጥ ብርድ፣ ልብ መምታት ከትንፋሽ ማጠር ጋር፣ መዘባረቅ፣ ከሚታየው ቁስል በላይ የሆነ ሕመም፣ የቆዳው መጥቆር ወይም ውሃ መቋጠር፣ ወይም ብዙ ፈሳሽ በድንገት ወርዶ ስፌቱ መከፈት። ውስጥ ያለው ከታየ ንጹሕ ጨርቅ በንጹሕ ውሃ አርጥበው ይሸፍኑት፣ ምንም ወደ ውስጥ አይግፉ፣ አምቡላንስ ይጠሩ።

ስትመጪ ምን እንደሚጠብቅሽ ልንገርሽ፤ ፍርሃት የሚያስቀራቸው ብዙ ናቸውና። መግል በክኒን ብቻ አይደርቅም። ከስፌቱ የተወሰነው ይፈታል፤ ማደንዘዣ ይሰጥሻል፤ መግሉ ይወጣል፤ ቁስሉ በጨው ውሃ ይታጠባል፤ ብዙ ጊዜም ሳይሰፋ ክፍት ሆኖ በጎዝ ይሞላል። ክፍት መተዉን አይተሽ «ጣሉኝ» አትበዪ፤ ከሥር ወደ ላይ እየሞላ እንዲድን ነው። ቀዩ ሥጋ ብቅ ሲል እኛ እንደሰታለን። በየቀኑ ለማሳጠብ ሆስፒታሉ ከራቀሽ የማሻገሪያ ወረቀት ጠይቂና በአቅራቢያሽ ጤና ጣቢያ ተከታተዪ። ጡት ማጥባትሽን አታቁሚ። «መግሉ ወደ ወተቱ ይገባል» የሚሉሽን አትስሚ፤ የሚታዘዝልሽ መድኃኒት ከማጥባት ጋር እንዲስማማ ለሐኪሙ ማጥባትሽን ንገሪው። ስድስት ሳምንት ድረስ ከልጅሽ የከበደ ነገር አታንሺ፤ ጀሪካኑን ሌላ ሰው ይቅዳ።

ያቺ የሰኞዋ ወጣት በ23ኛው ቀን ስፌቷ ገጠመ። ባሏ ከየሰው ጠይቆ ሰዓቶቹን አሰባስቦ ነበር፤ ውሃው የፈሰሰው ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ፣ ቀዶ ጥገናው እሑድ ጠዋት። ካርዷ ላይ ጻፍኩላት፤ ለሚቀጥለው ይጠቅማታል። አማቷ ግን እስከ መጨረሻው ቀን፣ ጓንት ከማጥለቄ በፊት፣ እጄን ወደ አፍንጫቸው ሳብ አድርገው ያሸቱኝ ነበር።